ሲጠሩ መውጣት

ባለፈው እሁድ የአቢን የሙት ዓመት ጸሎት አደረግን። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ካትሌሆንግ ያለችው ቸርቻችን ግድግዳዋም ጣሪያዋም ቆርቆሮ ስለሆነ በእነዚህ ወራት ውስጧ ምድጃ ነው። ከሁለተኛው መዝሙር በኋላ ትንፋሽ ሲያጥረኝ ወደ ጓሮ ወጣሁ። አንድ ሰውዬ ከአጥሩ ሥር የበቀለውን አረም ያጭዳል። አረሙ እዚህ ሀገር ካኪ የሚሉት፣ ቁመቱ ወገብ የሚደርስ፣ ሲቆረጥ ሽታው አፍንጫ የሚሰነጥቅ ቅጠል ነው። ሽታው ገና ሲደርሰኝ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሽታ የልጆቻችን ሽታ ነበር። በእነዚያ ክረምቶች አመሻሹ ላይ ወደየሱቃቸው ስንመልሳቸው ካልሲያቸውም፣ ፀጉራቸውም፣ የምሳ ዕቃቸውም እሱን እሱን ይሸት ነበር፤ እናቶቻቸውም «ቲቸር፣ ምን ውስጥ ነው የከተቱብን?» እያሉ ይቆጡኝ ነበር።

እዚያው እንደተቀመጥኩ የአቢ እናት ወርቅነሽ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ልጇ ከሞተ ወዲህ ብዙ አትናገርም። ቸርቿ አንድ መናፈሻ ውስጥ ቦታ ማግኘቷን ነገረችኝ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋ የልጆቹን ጫካ እንደገና እንድጀምረው ለመነችኝ። ትንሿ ልጇ ፌቨን ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሣር ረግጣ አታውቅም። «አስቤ እነግርሻለሁ» አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከማሰብ በቀር የሠራሁት ሥራ የለም።

ጫካ የሚለውን ስም ያወጡት ወላጆቹ ናቸው። እኔ በቸርቹ ሽማግሌዎች ፊት ያቀረብኩት «የክረምት የተፈጥሮ ትምህርት» ብዬ ነበር፤ ማን ይሰማኛል፣ «ልጆቹ ጫካ ሄዱ»፣ «ጫካው ስንት ሰዓት ይመለሳል» ሆኖ ቀረ። ክረምት ማለቴ ደግሞ እዚህ ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ዝናብ የሚጥለውም በዲሴምበር ስለሆነ ነው። ለእኛ ለሆሳዕና ሰዎች ዝናብና ዕረፍት አንድ ላይ ከመጡ፣ ወሩ የትኛውም ይሁን፣ ክረምት ነው። ዲሴምበር ደግሞ ስፓዛ ለሚባለው የሠፈር ሱቃችን የዓመቱ ገበያ ነው። ሰዉ የዓመት ጉርሻውን ተቀብሎ፣ ሠፈሩ ሙዚቃውን ከፍቶ፣ ከጠዋት እስከ ማታ ወደ መስኮቱ ይጎርፋል፤ ባለ ሱቅ ለመሽናት እንኳ ፋታ የለውም። ልጆቹስ? ልጆቹ ከሱቁ ጀርባ፣ በበቆሎ ዱቄት ከረጢትና በለስላሳ መጠጥ መካከል፣ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው ይውላሉ። በሩ ብረት፣ መስኮቱ ብረት፣ የጓሮው አጥር አናት ላይም እሾሃም ሽቦ። ሰባትና ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ የአምስት ራንድ ኤርታይም ከአሥር ራንዱ በቀለሙ የሚለዩ፣ ነገር ግን እርግብን ከዶሮ የማይለዩ ልጆች ነበሩን። እኔ ደግሞ ሀገር ቤት ሳይንስ ሳስተምር ኖሬ ባለቤቴ ቮስሎሩስ ሱቅ ሲከፍት ጠመኔዬን ጥዬ የመጣሁ ሴት ነኝ። ልጆቹን ከዚያ ላወጣቸው ቆረጥኩ።

ያኔ ሁሉ ነገር የሚቻል ይመስል ነበር። አንድ ሙሉ ዳቦ ስምንት ራንድ፣ ለልጆች የምንሸጣት የድንች ጥብስ ከረጢት ሃምሳ ሳንቲም፣ ሩብ ዳቦ ፍልፍል ተደርጎ ድንችና ቋሊማ የሚጠቀጠቅበት ኮታ በአሥር ራንድ ጥግብ ያደርግ ነበር። ዛሬ በአሥር ራንድ ኮታው ውስጥ የሚገባውን ድንች ብቻ ብትጠይቅ ባለቤቷ ትስቅብሃለች። ወንዶቻችን ዕቃ ለማምጣት ወደ ከተማ፣ የሐበሻ ጅምላ ሻጮች ወዳሉበት ወደ ጂፒ ሲሄዱ ባለ ብዙ ኪስ ሱሪና የቆዳ ጃኬት ይለብሳሉ፤ በዚያ ሙቀት ጃኬቱ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ጂፒ መታጠፊያው ላይ ካሴት የሚሸጥ የሀላባ ልጅ ነበር፤ መንዙማውንም መዝሙሩንም እኩል ከፍ አድርጎ ያጫውታል፤ ጎረቤቶቹ ሲጣሉት «ሁለቱም ይሸጣል» ይል ነበር። አሁን እዚያ መታጠፊያ ላይ የስልክ መሸፈኛ ይሸጣሉ። ያ ልጅ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም።

ቦታችን ከጀርሚስተን ወዲያ ነበር። አንድ ሽማግሌ ገበሬ የማያርሰውን ጥግ በርካሽ አከራየን። ጫካ ይባል እንጂ አንድ ረድፍ ባሕር ዛፍ፣ ዳር ዳሩን ሸምበቆ የበቀለበት ግድብ፣ ቀጭን ወንዝ፣ የቀረው ሁሉ ሣርና ካኪ አረም ነው። ከላይ መንገድ ያልፋል፤ ከመንገዱ ሥር የዝናብ ውሃ የሚወርድበት የሲሚንቶ ቱቦ አለ። በመጀመሪያው ቀን ባባ የምንለው የሠፈሩ ዙሉ የሚኒባስ ታክሲ ሹፌር ልጆቹን አምጥቶ ሲያራግፋቸው ጭንቅላቴን ያዝኩ። ሴቶቹ መረብ ያለው ነጭ ቀሚስና የሚያብረቀርቅ ጫማ፣ ወንዶቹ ክራቫት። ወላጆች ምን ያድርጉ፤ ለእነዚያ ልጆች ከሱቅ መውጣት ማለት ቸርች መሄድ ማለት ነበር። ጫማ አውልቁ ብላቸው ግማሾቹ አለቀሱ። አንዷ ሣሩ ይነክስ እንደሆነ ጠየቀችኝ።

ግን ልጅ ልጅ ነው። ሳምንት ሳይሞላ ነጩ ቀሚስ ቀርቶ የአባቶቻቸውን አሮጌ ቲሸርት እስከ ጉልበታቸው ለብሰው መምጣት ጀመሩ። በማርማላታ ጠርሙስ የእንቁራሪት ግልገል አሳደግን፤ ጭራው ሲጠፋና እግር ሲያወጣ በዓይናቸው አዩ። ሸምበቆው ላይ ቢጫ ወፎች ጎጆ ሲሸምኑ፣ ሴቲቱ ወፍ የወንዱ ሥራ ካላማራት ጎጆውን በጥሳ ስትጥልበት ተንጋለን እናይ ነበር፤ ወንዶቹ ልጆች ይናደዱ ነበር። ባቄላ በጥጥ ውስጥ አበቀልን። ዓይን ጨፍኖ የሰሙትን ድምፅ መቁጠር የሚባል ጨዋታ ነበረን፤ ሀዲዳ የሚሏት ያች የምትጮህ ትልቅ ወፍ ስትመጣ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይስቁ ነበር። አማርኛው፣ እንግሊዝኛው፣ ዙሉው፣ የእናት ቋንቋው ተደባልቆ «ቲቸር፣ ሉክ፣ ትሉ ክንፍ አለው» ይሉኛል። አንድ ነገር ብቻ ልቤን ይሰብረው ነበር። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ቤት አይሠሩም፤ ሱቅ ነው የሚሠሩት። በመጀመሪያ የሚተክሉት ምሰሶ ሳይሆን ፍርግርግ ነው። ቅርንጫፍ ደርድረው ፍርግርግ ያበጁና በመካከሉ እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ትተው፣ በቀዳዳዋ ቅጠል እየሸጡ ይውላሉ። ከፍርግርጉ ወዲህ ሆኖ መጫወት እንደሚቻል ለማሳመን አንድ ክረምት ሙሉ ፈጅቶብኛል።

አቢ በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመቱ ነበር። አቤኔዘር ነው ስሙ፤ አቢ ያላለው አልነበረም። ቀጭን፣ ጆሮው ትልልቅ፣ ጥያቄው የማያልቅ። አባቱ ማርቆስ ከእኛ ሱቅ ብዙም ሳይርቅ፣ አጎራባቹ ካትሌሆንግ ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የሀገሬ ልጅ ነው፣ በዕድሜም እኩያዬ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ልጆቹ እንዲነቃቁ ብዬ ድብብቆሽ እንጫወት አልኳቸው። እኛ ልጆች ሆነን እንደተጫወትነው ዓይኔን ባሕር ዛፉ ላይ ሸፍኜ «ኩኩሉ!» እላለሁ፣ እነሱ ከየተደበቁበት «አልነጋም!» ይላሉ፣ በመጨረሻ «ነጋ!» ሲሉኝ እፈልጋቸዋለሁ። አስረዳኋቸው፤ ገብቶናል አሉ። ዓይኔን ሸፈንኩና «ኩኩሉ!» አልኩ። መልስ የለም። ደግሜ አልኩ። ወፉ እንኳ የተደበቀ ይመስል ጭጭ አለ።

ዞር ስል ሜዳው ላይ አንድ ልጅ የለም። እንዴት እንደዚያ መደበቅ እንደቻሉ ለማስረዳት ያስቸግረኛል። ልጅ ሲደበቅ ይስቃል፤ ክርኑ ይታያል፤ ሲሰለቸው ብቅ ይላል። እነዚህ ሣር ውስጥ በደረታቸው ተኝተው፣ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ሳይንቀሳቀሱ ነው ያገኘኋቸው። አንዱ ታናሽ እህቱን ከሥሩ አድርጎ አፏን በመዳፉ ከድኖታል። «ጨዋታው አልቋል፣ ውጡ» ብዬ ጮህኩ፤ ማንም አልወጣም። በየስማቸው ጠራኋቸው፤ ማንም አልወጣም። አንድ በአንድ ሄጄ ትከሻቸውን እየነካሁ ነው ያስነሳኋቸው። ለምን ዝም እንዳለች ስጠይቃት አንዷ ትንሽ ልጅ ትምህርት እንደምታስጠና ሆና ነገረችኝ። ሌቦች ሱቁን ሲሰብሩ እንደበቃለን፤ ሌቦች ስማችንን ያውቃሉ፤ በስም ቢጠሩንም አንወጣም፤ የምንወጣው አባታችን መዝሙሩን ሲዘምር ብቻ ነው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ መዝሙር ነበረው። ሌላው ቤት እንዲያውቀው አይደረግም።

ሁሉም ተገኙ፤ አቢ ብቻ ጠፋ። ግድቡ ዳር ሮጥን፣ ሸምበቆውን በዱላ መታን፣ ባባ ሳይቀር ታክሲውን ትቶ በዙሉኛ እየተጣራ ፈለገ። ጆሃንስበርግን የሚያውቅ የከሰዓቱን ዝናብ ያውቃል፤ ሰማዩ በአንዴ ጠቆረና በረዶ መውረድ ጀመረ። ለማርቆስ ስልክ ደወልኩ። በዲሴምበር ገበያ ሱቁን ዘግቶ፣ ባኪ የሚሏትን ፒካፕ መኪናውን እያበረረ መጣ። አልተቆጣም። በረዶው መካከል ቆሞ፣ ዜማው ዝግ ያለ፣ በቋንቋችን የሆነ መዝሙር ዘመረ። ከመንገዱ ሥር ካለው ቱቦ አቢ ወጣ። ውሃው ጉልበቱ ደርሷል፤ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል። ወደ አባቱ ሮጠና «አባ፣ ጠሩኝ፣ አልወጣሁም» አለው። ማርቆስም ጭንቅላቱን እያሻሸ ጎበዝ አለው። ኩራቱ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

እኔ በንዴት ነድጄ ነበር። ጥቂት ቢቆይ ያ ውሃ ልጁን ይዞት ይሄድ እንደነበር፣ ሲጠራ የማይወጣ ልጅ ከቤት ሊወጣ እንደማይገባው ነገርኩት። ማርቆስ ልጁን በጃኬቱ ጠቅልሎ ባኪው ውስጥ አስገባውና ረጋ ብሎ መለሰልኝ።

«ቲቸር፣ ወፉን አንቺ አስተምሪው። ይሄንን እኔ አስተምሬዋለሁ።»

አልሰማሁትም። ግትር ነኝ፤ ተማሪዎቼ ይመሰክራሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫካው የሚከፈተው በድብብቆሽ ሆነ። ከእንቁራሪቱም ከወፉም በፊት፣ ጠዋት ጠዋት፣ መደበቅና ሲጠሩ መውጣት። ድምፃችሁን አሰሙኝ፤ ስማችሁን ስጠራ እጃችሁን ወደ ላይ አንሥታችሁ፣ እየጮሃችሁ ውጡ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር «አልነጋም» የሚሉት። ከዚያ ትንሽ ከፍ አለ። በሁለተኛው ክረምት መሳቅ ጀመሩ፤ ሣሩ ውስጥ ሆነው ሲስቁ የሰማሁ ቀን ባሕር ዛፉን አቅፌ አልቅሻለሁ። አቢ ከሁሉም ዘግይቶ ነው የተማረው። ብዙ ጊዜ ስሙን እየጠራሁ ቱቦው አፍ ላይ ቁጭ ብዬ ጠብቄዋለሁ። በስተመጨረሻ ግን ከሁሉም ቀድሞ የሚወጣው እሱ ሆነ። ስሙ ገና ከአፌ ሳይወጣ «አለሁ! አለሁ!» እያለ ይሮጣል። ጆሮው በፀሐዩ ቀልቶ፣ ካኪ አረሙ ፀጉሩ ላይ ተጣብቆ፣ መጥቶ ጉልበቴን ያቅፋል። በሕይወቴ ብዙ ተማሪ አስተምሬያለሁ፤ እንደዚያ የኮራሁበት ትምህርት የለም። ማርቆስ ራሱ አንድ እሁድ ልጁ ሱቅ ውስጥ እየዘፈነ እንዳስቸገረው እየሳቀ ነገረኝ።

ከዚያማ በውጭ ሀገር ሰዎች ላይ ያ ግርግር መጣ፣ ሱቆች ተቃጠሉ፣ ሰዉ ተበታተነ። ግማሹ ወደ አይቮሪ ፓርክ፣ ግማሹ ወደ ሩቅ ክፍለ ሀገር ሄደ። ገበሬው ሞተና ልጆቹ መሬቱን ሸጡት። በቅርቡ በዚያ ሳልፍ ባሕር ዛፉ ተቆርጦ፣ ግድቡ ተደፍኖ፣ በግንብ የታጠሩ አንድ ዓይነት ቤቶች ተደርድረውበታል፤ በር ላይ ዘበኛ አለ። ባለቤቴም በመካከሉ ዐረፈ፤ የእኛን ሱቅ ዘግቼ ጀርሚስተን አንድ ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። ልጆቹ አደጉ። ሴቶቹ አንዳንዶቹ ተዳሩ፣ አንዳንዶቹ ባሕር ተሻገሩ፣ ብዙዎቹ ያደጉበት ፍርግርግ ኋላ ቆሙ።

አቢ ማትሪክ በጥሩ ውጤት አለፈ። የዛፍና የአውሬ ትምህርት ሊማር ፈለገ፤ ፓርክ ውስጥ መሥራት ነበር ሐሳቡ። ኮሌጁ ተቀብሎት ነበር፤ የመኖሪያ ወረቀቱ ግን ገና በቀጠሮ ላይ ያለ የጥገኝነት ወረቀት ስለሆነ አልተመዘገበም። በቀጣዩ ዓመትም እንዲሁ። ማርቆስ በስኳር በሽታ እግሩን ሲያመው አቢ ሱቁን ተረከበ። ልጠይቀው ስሄድ ከፍርግርጉ ኋላ የቀለም ቆርቆሮ ውስጥ ቲማቲም ተክሎ አየሁ። ሰላም የማይለው ደንበኛ አልነበረም፤ አሮጊቶቹን በቋንቋቸው «ሳውቦና ጎጎ» እያለ፣ ልጆቹን በየስማቸው እየጠራ ነው የሚሸጠው። እሱንም መላው ሠፈር በስሙ ይጠራው ነበር። ከፍርግርጉ ኋላ መቆሙ ቢቆጨኝም ደስ ይለኝ ነበር። ይህ ልጅ የሚፈራው ሰው የለም እል ነበር።

አምና በዚህ ወር፣ በጠራራ ከሰዓት፣ የሆኑ ሰዎች በሩን በብረት ይሰብሩ ጀመር። ሱቅ ውስጥ የነበሩት አቢና ከሀገር ቤት የመጣው የአጎቱ ልጅ ታምራት ናቸው። ሁለቱም ጀርባ ባለው ክፍል፣ ከዱቄቱ ከረጢት ኋላ ገብተው ተኙ። በሩ ተሰበረ፤ ሰዎቹ ያገኙትን መጫን ጀመሩ። ታምራት እንደነገረኝ ትንሽ ቢታገሡ ኖሮ ጭነው ይሄዱ ነበር። ከዚያ አንዱ «አቢ፣ ፑማ» አለ፤ ውጣ ማለቱ ነው። ድምፁ ከልጅነቱ ጀምሮ ከዚያ ሱቅ ዳቦ ሲገዛ የኖረ የሠፈር ልጅ ድምፅ ነበር። ታምራት ሸሚዙን ይዞ ሊያስቀረው ሞከረ።

«ስሜን እኮ ነው የጠራኝ» አለው አቢ። እጁን ወደ ላይ አንሥቶ ወጣ።

ታምራት ዛሬ በሕይወት ያለው ስላልወጣ ነው። ይህንን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየኝም፤ የጨዋታውን ነገር እሱ አያውቅም፣ ጫካውንም አያውቅም። ለእኔ ምን እንደሚነግረኝ ሳያውቅ ነው የነገረኝ።

የሚወቅሰኝ ሰው የለም። ወርቅነሽ አንድ ቀን ክፉ ቃል አልወጣትም፤ ማርቆስም ልጁን በቀበረ በጥቂት ወራት ውስጥ ተከተለው እንጂ እንኳን ሊወቅሰኝ ለቅሶው ላይ እጄን ይዞ ነበር። እኔም ተሳስቼ ነበር አልልም። ልጅ በስሙ ሲጠራ መውጣት አለበት፤ ይህ እውነት ካልሆነ የትኛው እውነት ነው? ትክክል ነበርኩ። የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ አርም ነበር፤ ትክክል ሆኖ ልጅ የሚያስገድልን ነገር ምን ብዬ ነው የማርመው? የምኖርበት ሀገር ያስተማርኩትን የማይችል ሀገር ነው። የመጣሁበትም ቢሆን ልጆቻችንን እዚህ ድረስ አባሮ የላከብን ነው። መሄጃ የለኝም፤ ለፌቨን ደግሞ የምላት የለኝም።

ዛሬ ጠዋት ወርቅነሽ መልሴን ልትሰማ ቤቴ መጣች። ፌቨንን ለታምራት ትታት ነው የመጣችው። ሱቁ አሁንም የእነሱ ነው፤ ሌላ የሚበሉበት የላቸውም። ሻይ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም። አረጀሁ፣ ጉልበቴ አይችልም፣ ሌላ ወጣት አስተማሪ ይፈለግ ብዬ ለመንኳት። ሰማችኝና ራሷን በእንቢታ ነቀነቀች። ወፉንም፣ እንቁራሪቱንም፣ ባቄላውንም ፌቨን እንድታየው ትፈልጋለች፤ አቢ እስኪሞት ድረስ ስለዚያ ቦታ ሲያወራ ፊቱ ይበራ ነበር፤ እሷም ያ ብርሃን ይድረሳት አለችኝ። 

«እሺ፣ እጀምረዋለሁ» አልኳት። «ድብብቆሹ ግን ይቀራል።»

የሻዩን ብርጭቆ ገፋ አደረገች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ደረቅ ነበር።

«አይቅርብኝ፣ ቲቸር። መደበቁን በደንብ ያስተምሩልኝ። ቱቦ ውስጥ፣ ሣር ውስጥ፣ የትም ቢሆን ጭጭ እንድትል ያለማምዱልኝ። ውጪ ብለው ግን አይጥሯት። በስሟም ቢሆን አይጥሯት።»

የገፋችውን ብርጭቆ አነሣሁ። 

«እሺ» አልኳት፤ «አልጠራትም።»